በቢቢ ላይ የተጠራው ስብሰባ

እናንተ ቤት ድመት አለች? እኛ ቤት አለች። ቢቢ ትባላለች፤ በስዋሂሊ እመቤት እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣችላት ባለቤቴ ወይንሸት ናት። እውነትም እዚህ ኬንያ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ያለው ጠባብ ቤታችን የቢቢ ነው፤ እኛ ተከራዮቿ ነን።

ወይንሸት ስታረግዝ ወሬ መጣ። ድመት ለእርጉዝ በሽታ ታስተላልፋለች፣ ጽንስም ይጎዳል ተባለ። ስንት ዓመት ተስለን ያገኘነው ጽንስ! ፈራሁ። ለወይንሸት ብነግራት አለቀሰች፤ ለሁለቱም ነው ያለቀሰችው።

ሁርሊንግሃም ሰፈር ጋሽ በቀለ ቁርጥ ቤት ሄጄ ወዳጆቼን አማከርኩ። መቼም ከአዲስ አበባ ያስወጣን ስብሰባ ነው። ግን ሐበሻ ሦስት ሆኖ ከተቀመጠ ሰብሳቢ መምረጡ አይቀርም። ጋሽ በቀለ ተመረጡ። አንዱ በቢቢ ላይ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰድ አለ፤ ቃሉ ከደርግ ተርፎት ነው። በመጨረሻ ዌስትላንድስ ላለ ህንድ ባለሱቅ ትሰጥ ተባለ። ቢላዋ ያልያዘው እጅ ሁሉ ወጣ። ጋሽ በቀለም ለሁለት ነው የምትበላው ብለው ለወይንሸት ከሻኛው ጥሬውን ጠቅልለው ላኩላት።

ወይንሸት ግን ሐኪም ሳልጠይቅ ቢቢን አልሰጥም አለች። ሄድን። ሐኪሟ ኬንያዊት ናት፤ ድመቷ ምን ትበላለች ብላ ጠየቀች።

"የተቀቀለ ሥጋ" አልኩ ኮራ ብዬ። "ጥሬ በሽታ ያመጣባታል ብዬ እኔው ነኝ የምቀቅልላት።"

ደስ አላት። ከቤት ካልወጣችና አይጥ ካልያዘች ብዙም አታሰጋም፤ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ግን ባል በየቀኑ ይጥረግ፣ እጁንም ይታጠብ አለች። ቀጥላ፣ "እናንተስ ሥጋ አብስላችሁ ነው የምትበሉት?" ብላ ጠየቀች።

እኔ ወይንሸትን አየሁ። ወይንሸት ጣራውን አየች።

"አልፎ አልፎ..." አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይመጣል፣ ኮሶውም አለ ብላ ገሠጸችን። ለካ ቤታችን ውስጥ ጠንቃቃዋ ቢቢ ኖራለች። ለሷ ስቀቅል፣ ለራሴ ስቆርጥ!

ለወይንሸት ያዘዘችላት የደም ምርመራ ደህና ሆነ፤ ተመስገን አልን። ከዚያ ወዲያ ለወይንሸትም ለቢቢም ሥጋው ባንድ ድስት በሰለ። ልጃችንም ድብልብል ብላ በሰላም ተወለደች። ደስታዬን ምን ልበላችሁ!

የክርስትናዋ ዕለት ጋሽ በቀለ ቤት ተሰብስበን የሐኪሟን ቃል ነገርኳቸው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባላል፤ ሐበሻስ? ቢቢ ትቆይ የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጥሬ ሥጋ ይቅር የሚለው ሲቀርብ ግን አንድም እጅ አልወጣም። በአንዱ እጃችን ቢላዋ፣ በሌላው ሥጋ ይዘናል። የትኛውን እናውጣ?