ዘይነባን ልንቀበል የሄድን ጊዜ

ለመሆኑ ሰው ለመቀበል ቦሌ ስትሄዱ ስንት ሆናችሁ ነው? እኛ ኮተቤዎች ሚኒባስ ሞልተን ነው። ካልሞላ የሚመጣው ሰው ይቀየማል። ይኼ የሆነው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ሞባይል ገና ሳይመጣ ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባለሱቅ። ልጃቸው ዘይነባ ከብዙ ዓመት በኋላ ከጅዳ ልትመጣ ነው። ስሟ በተነሣ ቁጥር ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር። እንዲህ የናፈቀ ሰው እየሮጠ ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁም? እኔ ጠብቄ ነበር።

ገና ከመንቀሳቀሳችን ጋሽ ሰይድ ከጋቢና ሆነው "አቁም" አሉ። ብርቱካን ሊገዙ። ትንሽ ሄድንና ደግሞ "አቁም"፤ የዱሮ ወዳጅ አይተው። የሰውየውን ጤና፣ የሚስቱን ጤና፣ የላሚቱን ጤና ጠየቁ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አውሮፕላኑ ያርፋል እኮ ብላቸው "አብሽር ልጄ! ቦሌ የትም አይሄድ። መንገድን ማጣጣም ነው" አሉኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የምትለዋንም ጨመሩልኝ።

እንዲህ እያጣጣምን፣ መገናኛ ሳንደርስ የለቅሶ ድንኳን አየን። ለቅሶ ታልፎ ይኬዳል? አይኬድም። ሚኒባስ ሙሉ ሰው የክት ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ተቀመጠ። ሟቹ በፎቶው ላይ ጥምጥም የጠመጠሙ አዛውንት ቄስ ናቸው፤ ከመካከላችን የሚያውቃቸው አልተገኘም። ጋሽ ሰይድ ብቻ ደግ ሰው እንደነበሩ ፊታቸው ያስታውቃል አሉ። ንፍሮ ቀረበ፤ በላን። ለዘይነባ የያዝነውን አበባ አንዲት እናት ከእጄ ተቀብለው፣ መርቀውኝ፣ ፎቶው ሥር አስቀመጡት። መልሱልኝ ይባላል?

ቦሌ ስንደርስ ዘይነባ የለችም። ታክሲ ይዛ ሄዳለች ተባልን። እኔ ሾፌሩን ንዳው አልኩት፤ በድንኳኑ በር ስናልፍ እንኳ ማንም "አቁም" አላለም። ቤት ደረስን። እዚያም የለችም።

ጋሽ ሰይድ በር ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። አሁን ሰዓት የሚጠይቁት እሳቸው ሆኑ። "ሰው በቀጥታ ወደ ቤቱ አይመጣም እንዴ? መንገድ ላይ ምን ይሠራል?" ይላሉ። የብርቱካኑን ነገር አላነሣሁም። አንጀቴን በሉት።

በመጨረሻ አንድ ላዳ መጣ። ዘይነባ ወረደች። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ላይ የኛው አበባ አለ። አባቷን ስታይ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ ማንም ሳይቀበላት ሲቀር ልቧ ክፉ ጠረጠረ፤ ውጭ አገር ላለ ሰው መርዶ እንደማይነገር ታውቃለች። በሰፈሯ መንገድ ላይ ድንኳኑን ስታይማ አበቃላት። "አባቴን!" እያለች ገባች። ከሟቹ ቤተ ዘመድ ይልቅ እሷ አለቀሰች ይባላል። ደረቷን ደቅታ ስትጨርስ ነው ቀና ብላ ፎቶውን ያየችው። የክት የለበሱት እንግዶች ማንን ሊቀበሉ እየሄዱ እንደነበር ለቅሶኞቹ ሲገባቸው፣ ይኼስ የደስታ አበባ ነው ብለው አስይዘው ሸኟት።

"አባዬ፣ አንተን እኮ አልቅሼ ጨርሼ መጣሁ!" አለች።

ጋሽ ሰይድ አቅፈዋት ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቋት።

"ሰው በዝቶ ነበር?"

"በጣም።"

እንባቸውን ጠርገው ወደኔ ዞሩ። "አየህ? ዛሬ ሳንቆም ያለፍነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስንመለስ፣ ድንኳኑ ጋ። እሷም እዚያው ነበረች።"

ብርቱካኑን መላጥ ጀመርኩ።