የናሙናው ፋይል

ስብሰባ ላይ እግሬ አያርፍም። የእናንተስ? ሰው ሁለት ነገር ቀርቦለት አንዱን ምረጥ ሲባል ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ይመርጣል፤ ኮሚቴ ያቋቁማል። ደብረ ታቦር ያለው መሥሪያ ቤታችንም የመሬት ፋይሎች እየጠፉ ቢያስቸግሩት ይህንኑ አደረገ፤ ቁጭ ብድግ ከማለት በቀር ሙያ የሌለኝን እኔን ሳይቀር አባል አድርጎ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የፋይሎቹን ውሎ አዳር በምን እንከታተል? ከዩኒቨርሲቲው የመጣችው ሰናይት፣ «ዶክመንት ማኔጅመንት ሲስተም ነው የሚያዋጣን፤ ወረቀቱ እንዳለ ስካን ተደርጎ ይገባል፤ ማን አወጣው፣ ማን አረመው፣ ሁሉን ይይዛል» ትላለች። የእኛው ዓለሙ ደግሞ፣ «ዳታቤዝ ይሠራ እንጅ! ባለመሬቱ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ማሳው በሌላ፤ አያይዞ የፈለጉትን መጠየቅ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚያናድደኝም እሱው ነው። አንዳቸው ቢሳሳቱ ኖሮ ምሳችንን በሰዓቱ እንበላ ነበር። ሁለቱም ሲስተማቸውን የሚሞክሩበት አንድ ወፈር ያለ ፋይል ከመዝገብ ቤት አስወጥተን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥን ወዲህ ጭራሽ ባሰባቸው።

መቀመጥ ቢያቅተኝ ወጣሁ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ከገሳይ የመጡ አንዲት እናት ቆመዋል። ጎረቤታቸው ወሰን ገፍቶ አርሶባቸው ከሰዓት ችሎት አላቸው።

«ልጄ፣ ፋይልሽ የለም አሉኝ» አሉ። «ያለ ማስረጃ ብቀርብ መሬቴ መሄዱ አይደለም ወይ? እኔ ከዚያ ሌላ ምን አለኝ?»

«አይዞዎት እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?»

ነገሩኝ። የት ነው የማውቀው? ለካ ከመሞከሪያው ፋይል የፊት ገጽ ጋር ከጠዋት ጀምሮ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ሲያፈጥብኝ የዋለው ስም ነው። አፈርኩም፣ ተናደድኩም፤ እጃቸውን ይዤ ገባሁ።

ሰናይት ስካኑ እንዳላለቀ አስረዳቻቸው። ዓለሙም ማሳቸውን ከስማቸው ጋር ገና እያያያዘ መሆኑን ነግሮ ትንሽ እንዲታገሡ ለመናቸው። እሳቸው ግን ግድግዳው ላይ በር የሚያህለውን የገዛ ፎቷቸውን እያዩ ነበር።

«እዚህ ሰቅላችሁኝ ነው የለሽም ያላችሁኝ?»

ፋይሉን አንስተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ ባጃጅ አስቆምኩላቸውና ወደ ችሎቱ ከነፉ። ወሰናቸውም ተከበረላቸው፤ እሰይ!

ኮሚቴው አሁንም አልወሰነም፤ ሙከራው ግን የተሳካ ነው ተብሏል። ፋይሉን ማን ወሰደው ብሎ የመዘገበ ስለሌለ፣ ሁለቱም ሲስተሞች በተጠየቁ ቁጥር ጠረጴዛችን ላይ አለ ይላሉ።