ሽማግሌ የተላከበት ካርቶን

በየቤታችን አንድ የምንጠብቀው እንግዳ አለ። ስሙን አናውቅም፣ መልኩን አላየነውም፤ ግን ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑ ስድስት ብርጭቆዎች ቡፌ ውስጥ ለእሱ ተቀምጠዋል። እኛ እጀታው በተሰበረ ስኒ እየጠጣን፣ የእሱን ብርጭቆ በሳምንት አንዴ ከአቧራ እናራግፋለን። ሶፋው የገባ ዕለት የለበሰውን ላስቲክ ሳናወልቅ ልጅ ወልደን፣ ልጁንም ድረን እናውቃለን፤ በሙቀት ወራት ላስቲኩ ጭናችን ላይ እየተጣበቀ፣ በተነሳን ቁጥር እየጮኸብን። ሪሞቱንም በላስቲክ ጠቅልለን ቁጥሩ እስኪጠፋ እንጫነዋለን። አንድ ቀን ያ እንግዳ ይመጣና «እሰይ፣ ሳትነኩ ጠበቃችሁኝ» ይለናል መሰለኝ። እስካሁን አልመጣም። ምናልባት ባጃጅ አጥቶ ይሆናል።

በዚህ ነገር ታቦር ሰፈር ውስጥ ጎረቤቴን እትዬ አስካለን የሚያህል የለም። እሳቸው አዲስ ካውያ ከተገዛላቸው በኋላ አሮጌውን እያስጠገኑ የሚተኩሱ ሴት ናቸው። አዲሱስ? አዲሱማ አዲስ ነው! ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አሮጌው በተበላሸ ቁጥር ከላይ ሆኖ ይታዘባል።

ባለቤታቸው ጋሽ ስዩም ፎቶ አንሺ ነበሩ። ፀጉራችሁ ሸበት ያለ የሀዋሳ ሰዎች እስቲ አልበማችሁን ግለጡ። ኮቱ ትከሻችሁ ላይ ሰፍቷችሁ፣ እጃችሁን ሰው ሠራሽ አበባ ላይ አሳርፋችሁ ቆማችኋል፤ ከኋላችሁ አንድ ረጅም የብረት ማማ አለ፣ አይደል? የፓሪሱ ኤፍል ታወር ነው። ጋሽ ስዩም ለአንድ ታፔላ ጻፊ ከፍለው አቡጀዲ ላይ ያሳሉት። ሰውየው ፓሪስን በሕልሙም አላየም፤ የሚያውቀው ረጅም ነገር ሐይቁ ዳር ያሉትን ዛፎች ነበርና ማማው ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ አባ ኮዳ፣ መቼም ይህን ራሰ በራ ወፋችንን ታውቁታላችሁ፣ ክንፉን አጥፎ አስቀመጠበት። «ረጅም ነገር ያለ አባ ኮዳ አያምርም» ብሎ ተከራከረ አሉ። የከተማው ሙሽራ ሁሉ ፓሪስ ውስጥ አባ ኮዳ አለ ብሎ አምኖ ተዳረ።

ይኼን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል። ከስቱዲዮው ወጥቶ ራመድ ያለ ሰው ሐይቁን ያገኛል፤ የአዲስ አበባ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚመጣለትን ሐይቅ። የእኛ ሰው ግን ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ጨርቅ ፊት ይቆም ነበር። ሐይቁማ ነገም አለ፣ ማን ይሰርቀዋል!

በዚያ ጨርቅ ፊት ያልቆመች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እትዬ አስካለ። በር ላይ ተቀምጠው ለተነሺው ማበጠሪያና የስቱዲዮውን ኮት የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ። አዲስ ተጋቢ ሳሉ ጋሽ ስዩም «ነይ ላንሳሽ» ቢሏቸው፣ «እኔ ጨርቅ ፊት አልቆምም። ማማው ራሱ ሲመጣ ታነሳኛለህ» አሏቸው። ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን የቤቱ አባባል ሆኖ ቀረ። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ልጃቸው ሩት ፈተና ሲደርስባት ሁሉ «ማማው ሲመጣ ይስተካከላል» ይባባሉ ነበር። ከዚያ ሁሉም ሰው በየኪሱ ካሜራ ያዘ፤ ስቱዲዮው ተዘጋ፤ ጨርቁም በዝናብ ጊዜ መጋረጃ ሆኖ አለቀ። ቀጥሎ የጋሽ ስዩም ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ እየባሰ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። አሁን ሻይ የሚቀዳላቸው እስከ ግማሽ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አዲስ አበባ የምትሠራው ሩት ለስልጠና ውጭ አገር ሄዳ ስትመለስ ለአባቷ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ከመኪና ያወረድነው እኔና እሷ ነን፤ ሲሚንቶ የጫነች ነበር የመሰለኝ። ካርቶኑ ላይ ያ ማማ ራሱ፣ ግርማ ሞገሱን እንደያዘ ተስሏል። ውስጡ ያለው ግን ማማ አይደለም፤ ጥፍር የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጡቦች ናቸው፣ በሺህ የሚቆጠሩ። ገዢው ራሱ አንድ በአንድ እየሰካካ ይሠራዋል፤ ሲያልቅ የሰው ደረት የሚደርስ ማማ ይሆናል። ጋሽ ስዩም መዳፋቸውን ካርቶኑ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ካርቶኑን እንደ ከበሮ መታው።

በነጋታው እኔን ብቻዬን ሲያገኙኝ ሐሳባቸውን ነገሩኝ። «ዕቃው ይቆያል። እጄ ነው የማይቆየኝ። ሳይከዳኝ ሠርቼ አስካለን ፊቱ ላቆማት እፈልጋለሁ።»

ይኼ ሁሉ በሰላም ያልቅ ነበር፣ ስልክ የሚሸጠው ጎረቤታችን አቶ ዱካሞ ሊጠይቃቸው ባይመጣ ኖሮ። ዱካሞ ዋጋ ሳያውቅ ማድነቅ የማይችል ሰው ነው። የካርቶኑን ስም ስልኩ ላይ ጻፈ፤ አየ፤ ደግሞ አየ፤ ከዚያ አፉን ያዘ።

«በሬ ነው» አለ።

«የምን በሬ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«የፋሲካ ሰንጋ፣ እትዬ። ለቅርጫ ስንት ሆነን የምንገዛው! የእሱ ዋጋ ነው።» ይኼ አልበቃ ብሎት ቀጠለ፤ «ደግሞ ሳይከፈት ከቆየ ዋጋው ይጨምራል። ፋብሪካው መሥራቱን ያቆምና ያላገኘው ሰው ያብዳል። ፈረንጆቹ ገዝተው ሳይከፍቱ ነው አሉ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡት።»

የእትዬ አስካለን ፊት ያኔ ማየት ነበረባችሁ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሳቅባቸው ኖረው፣ በመጨረሻ የዓለም ሀብታም ሁሉ ምስክር ሆኖ የቆመላቸው ሴት ፊት ነበር። «አያችሁ!» አሉ፣ «አያችሁ! ላስቲኩን አታውልቁ ስላችሁ!» ካርቶኑ በዚያው ቅጽበት ቡፌው ላይ ወጣ። ዳንቴል ለበሰ። ዳንቴሉ ላይ አበባ ተቀመጠ። በሬው ታሰረ።

እኔም ቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ሰው እንዴት የበሬ ዋጋ ከፍሎ የማይበላ፣ የማይለበስ፣ ጭራሽ ያላለቀ ነገር ይገዛል? ቤት የሚያሠራ ሰው ለግንበኛ ይከፍላል፤ እዚህ ግን ከፋዩም ግንበኛውም አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቶ ሳቄ ተወኝ። ያንን ማማ ሄዶ ያየ ሰው «አየሁት» ይላል፤ አንገቱን አቅንቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። በጣቱ ከታች እስከ ጫፍ የገነባው ሰው ግን ምን ሊል ነው? እያንዳንዷን ዘንግ ያውቃታል። ሰው የሚከፍለው ለፕላስቲኩ አይመስለኝም፤ የማይደረስበትን ነገር ሳሎኑ ውስጥ በእጁ ለመንካት ነው። ለዚህ በሬ ቢጠየቅ ይበዛል? እኔ እንጃ። በሬ እንኳ በፋሲካ ማግስት ያልቃል።

ጋሽ ስዩም አልተጣሉም፣ አልተቆጡም። አንድ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው የቤቴን በር አንኳኩና «ሽማግሌ ልልክ ነው» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለአስካለ።»

ደነገጥኩ። ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ ምን መጣ ብዬ ነው። ነገሩን ሲያስረዱኝ ግን ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ሚስታቸው ካርቶኗን እንዲፈቅዱላቸው ነበር። ሰውየው ግን እየቀለዱ አልነበረም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሆነን ሄድን፤ የዕድራችን ዳኛ፣ እኔና፣ ጥፋቱን ይካስ ተብሎ ዱካሞ። ጋሽ ስዩም መኝታ ቤት ገብተው እንደ ሙሽራ ልጅ ይጠብቃሉ። እትዬ አስካለ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሉን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን በራፉ ላይ ቆምን። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «እዚህ ቤት ጨዋ ሆና ያደገች፣ እጅ ያልነካት አንዲት ልጅ አለች ቢሉን መጣን» ብለው ወደ ቡፌው አዩ።

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ወሰዱ። ይስቃሉ ስንል፣ እንደ ሙሽራ እናት ኮስተር አሉና «ልጅቷ ገና ናት። ዘመድ ላማክር፤ ተመልሳችሁ ኑ» አሉን። ወግ ነውና ተመልሰን ሄድን።

በሚቀጥለው እሑድ ዳኛው ያንኑ ንግግር ሊደግሙ ሲጀምሩ እኔ አላስቻለኝም። «እትዬ አስካለ» አልኩ፣ «ማማው ሲመጣ ታነሳኛለህ ብለዋቸው ነበር አሉ። ማማው ይኸው መጥቷል። እጃቸው ግን እየሄደ ነው።»

እትዬ አስካለ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞሩ። «እኔን ሊያነሳኝ ብሎ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔኮ ለራሱ ሊጫወትበት መስሎኝ ነው።» ከዚያ ወንበር ላይ ቆመው አበባውን አነሱ፣ ዳንቴሉን አጠፉ፣ ካርቶኑን አቀፉት። «ልጅቷን ሰጥቼዋለሁ በሉት» አሉ። «ካርቶኑ ግን እንዳይቀደድ! በቢላ ጫፍ ይከፈት።»

ሥራው ሳምንታት ፈጀ። መመሪያው ፊደል የለውም፣ ሥዕል ብቻ ነው፤ ጋሽ ስዩም ደግሞ ሥዕል ማንበብ ያውቁበታል። እጃቸው ሲሻለው ይሰካሉ፤ ሲብስበት ዱካሞ ይሰካል፣ እኔ አቀብላለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? እትዬ አስካለ መጀመሪያ ከሩቅ ካርቶኑን ብቻ ይጠብቁ ነበር። አንድ ቀን ስመጣ ግን ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው ጡቦቹን በየዓይነቱ ሲለዩ አገኘኋቸው። የለዩበትን ዕቃ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ስድስቱ ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች ከቡፌው ወጥተዋል።

ያ ማማ ተሠርቶ ሲቆም፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ደረቴ ይደርሳል። በዘንጎቹ መካከል ብርሃን ያልፋል፤ የመስኮቱ ፀሐይ ጥላውን ግድግዳው ላይ ጥሎት፣ ጥላው ደግሞ ከማማው በልጦ ጣሪያ ነክቷል። ከእነዚያ የጥፍር ያህል ቁራጮች ይኼ እንደሚወጣ ባይኔ ባላይ አላምንም ነበር። የሰው እጅ፣ ያውም የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ይኼን ማድረግ ይችላል ለካ!

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አስካለ ናቸው። ዙሪያውን ዞረው መረመሩትና «አባ ኮዳው የታለ?» አሉ።

ጥቂት ቁራጮች ተርፈው ነበር። ዱካሞ አንድ ነገር ረስተን ይሆናል ብሎ ሲጨነቅ፣ ጋሽ ስዩም ግን ቁራጮቹን ሰብስበው ቀስ ብለው ይሰካኩ ጀመር። ሁለት ቀጭን እግር፣ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ ረጅም አፍ። ጫፉ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሞክሩ እጃቸው እምቢ አለ። እትዬ አስካለ አንጓቸውን ያዙላቸው። አባ ኮዳው ፓሪስ አናት ላይ አረፈ።

ከዚያ እትዬ አስካለ የሚካኤል ዕለት የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው መጡና ማማው አጠገብ ቆሙ። ዱካሞ ስልኩን አወጣና «እኔ ላንሳዎት» አለ።

«አንተ ማን ነህ?» አሉት። «ፎቶ አንሺ አለኝ።»

ጋሽ ስዩም ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አገጭሽን ቀና» አሉ፣ በድሮው የስቱዲዮ ድምፃቸው። ስክሪኑን ነካ አደረጉ። ፎቶው ሲታይ ደብዛዛ ነው፤ ማማው ሁለት ሆኗል፣ አባ ኮዳው የሚበር መስሏል፣ የእትዬ አስካለ ፈገግታ ወደ ጎን ፈሷል። ዱካሞ «ይደገም» አለ። እትዬ አስካለ ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አይደገምም» አሉ። «ማን እንዳነሳኝ ያስታውቃል።»

ፎቶው ታጥቦ፣ በፍሬም ሆኖ ከቡፌው በላይ ተሰቅሏል፤ ባዶው ካርቶንም ዳንቴሉን ለብሶ ከሥሩ ተቀምጧል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስገባ ልብ ብዬ ሳይ፣ የፍሬሙ መስታወት ላይ ያለው ላስቲክ አልተላጠም። «እትዬ፣ ይኼንንስ ለማን ነው የሚያስቀምጡት?» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሻዩን በዚያ ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆ አምጥተው ስለሰጡኝ ዝም ብዬ ጠጣሁ።