ሊቁ ለልጁ ያልነገራት

ሰው ልቡን ለመግለጥ የሚደፍረው ፊቱን ለማያውቀው ሰው ነው። እስቲ አስቡት፤ ሚስቱን «ናፈቅሽኝ» ለማለት ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ የሚጠርግ ሰውዬ፣ አውሮፕላን ላይ አጠገቡ ለተቀመጠ እንግዳ የሕይወቱን ታሪክ ሲዘከዝክ አልሰማችሁም? እኔ ሰምቻለሁ። ራሴም ዘክዝኬያለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሆም ኬር፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የመንከባከብ ሥራ፣ እሠራ ነበር። ከምንከባከባቸው አንዷ ሚስስ ዶሮቲ የሚባሉ፣ ሰማንያ ያለፋቸው እንግሊዛዊት ናቸው። የእናታቸው አባት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የዐረብኛና የጥንቱ የሶርያውያን ቋንቋ የሱርስት ሊቅ ነበር። መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ፣ ብራና ሲመረምር፣ ከካይሮ እስከ ሞሱል ካሉ መምህራን ጋር ሲጻጻፍ ኖሮ ሞተ።

«እናቴ ግን ተቀይማዋለች» አሉኝ አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው። «አባቴ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም እንዳለች ሞተች።»

የአያታቸውን የደብዳቤ ሳጥን ያሳዩኝ ያን ቀን ነው። ከዐረብኛውና ከሱርስቱ መሀል አንዱን ጥቅል ብፈታው፣ የኛው ፊደል!

የእጅ ጽሕፈቱ አልነበብ ስላለኝ የቸርቻችንን ሽማግሌ ጋሼ መኩሪያን ይዤ መጣሁ። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ወልውለው ጥቂት እንዳዩ ነገሩ ገባን፤ ሊቁ አማርኛ ይማር የነበረው ኢየሩሳሌም ከሚኖሩ አንድ የኛ አለቃ ነው፤ በደብዳቤ ብቻ። አለቃው ስሕተቱን እያረሙ ይልኩለታል። ከእርማቱ በታች ግን ሌላ ነገር አለ።

«ልጄ በታመመች ጊዜ ሦስት ቀን መጽሐፍ ሳልገልጥ አጠገቧ ተቀመጥሁ ብለህ የጻፍህልኝን ባነበብሁ ጊዜ አለቀስሁ። ማርያም ትማርልህ። ነገር ግን ይህን ለእርሷ ነግረሃታልን?»

ጋሼ ጴንጤ ከሆኑ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። «ማርያም» የምትለዋን ግን አልዘለሏትም።

ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሚስስ ዶሮቲ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ይቀጥሉ በያቸው» አሉኝ።

«በቋንቋዬ ልነግራት ስል አፌ ይታሰራል ብለሃል። ወዳጄ፣ ንገራት። ስሕተት ቢኖርበት እኔ አላርምህም።»

አልነገራትም። ሚስስ ዶሮቲ ግን ግድግዳው ላይ ወዳለው የእናታቸው ፎቶ ዞረው «ማሚ፣ ሰማሽ?» አሉ።

ጋሼን በመኪናዬ ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። ኢንተርናሽናል አቬኑ አጠገብ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ፓርክ ሳደርግ፣ «ግቢና ለሄርሜላ ኮል አድርጊልኝ» አሉ። «እንዳልሸሽ ደግሞ አጠገቤ ቁሚ።» ሄርሜላ ኤድመንተን ከተማ የምትማር ልጃቸው ናት። አባትና ልጅ ሲደዋወሉ የሚያወሩት ስለ በረዶው ብቻ ነው።

አነሣች። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአማርኛ ሞከሩ፤ አልወጣም። በመጨረሻ በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛቸው «አይ ላቭ ዩ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከወዲያ ማዶ ሄርሜላ ጮኸች።

«ዳድ? አሞሃል እንዴ? ሆስፒታል ነህ?»

«ኧረ ደህና ነኝ!» ቢሉም ማን ይመናቸው። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ከተፍ አለች፤ ሦስት ቀንም ቆየች። ጋሼም ምንም እንዳላመማቸው ለማስረዳት ብዙ የቸኮሉ አይመስለኝም።