አዲሷ ልጅ ለምን እንደማትበላ ለማጣራት የአራተኛ ፎቅ ወጥ ቤት ኮሚቴ ያደረገው አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ኅዳር 14። ለ6፡00 ሰዓት ተጠርቶ ከቀኑ 7፡10 ተጀመረ።
ቦታ፦ የውጭ አገር ተማሪዎች ማደሪያ፣ የጋራ ወጥ ቤት፤ ሩዙ እሳት ላይ እንዳለ።
የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ምህንድስና ስለሚማሩ «ኢንጂነሩ»)፣ «ዶክተሩ» (ሕክምና፣ አንደኛ ዓመት)፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እትዬ፣ ከመጣች ሁለት ሳምንት የሆናት አዲሷ ልጅ፣ እና ፀሐፊው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ወንበሩ ግን አራት ስለሆነ ፀሐፊው የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ውሳኔ ማጽደቅ

ባለፈው ወር «በሰው አገር ሰው አንዴ ይጋበዛል፤ እምቢ ያለ አይለመንም፤ ልመና የጥናት ሰዓት ይሻማል» ተብሎ የተወሰነው ተነቦ በጭብጨባ ጸደቀ። ሰብሳቢው ይሉኝታን አገር ቤት ትተነው መምጣታችንን በኩራት ገልጸዋል።

አጀንዳ 2፦ የአዲሷ ልጅ አለመብላት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት አዲሷ ልጅ ድስት ስለሌላት ክፍሏ ውስጥ ዳቦ በሻይ ትበላለች፤ ከእኛ ጋር ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰችም። ቀሚሷ ሰፍቷታል። ትናንት ደግሞ የመመለሻ ትኬት ስታጠያይቅ ተሰምታለች።

ዶክተሩ ገና ያልተማሩትን በሽታ ጠርጥረው ቫይታሚን እንዲታዘዝላት ጠየቁ። ሰብሳቢው የምግብ ፍላጎቷን የምትሞላበት ባለ ሦስት ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ አሉ። ዶክተሩ ሁለት ይበቃል በማለታቸው ሁለቱ አባላት አንዳቸው ስለ ሌላው አስተዳደግ አስተያየት ተለዋወጡ። ከሰፊ ውይይት በኋላ ሁለት ገጽ ተኩል እንዲሆን ተወሰነ።

በዚህ መካከል የሆድ ጩኸት ተሰማ። ሰብሳቢው የሆዱ ባለቤት እጁን እንዲያወጣ ቢጠይቁም የወጣ እጅ አልነበረም። ዶክተሩ የማቀዝቀዣው ሞተር ነው አሉ።

እትዬ ግን «አንቺ ልጅ፣ ብዪ ብለንሽ አናውቅም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ብላችሁኛል። ጠግቤያለሁ አልኩ።»

«ጠግበሽ ነበር?»

«ኧረ እትዬ፣ በመጀመሪያው ጥሪ ማን ይበላል? ሁለተኛውን ስጠብቅ ሳህኑ ይነሣል» ብላ አለቀሰች። ፀሐፊው ማፈሩ ይመዝገብለት።

ሰብሳቢው መመሪያ መመሪያ ነው አሉ። እትዬ «አንተ ስትመጣ ስንቴ ለመንኩህ?» ሲሏቸው ለጊዜው አላስታውስም ብለዋል። ዶክተሩ ስድስት ጊዜ መሆኑን አስታውሰዋል።

ውሳኔ፦ ያለፈው ወር መመሪያ፣ ዛሬ የተደረገለት ማጽደቅና ጭብጨባ፣ ቅጹም ከነግማሽ ገጹ በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ከእንግዲህ ማንም ሦስት ጊዜ ሳይለመን እምቢታው እንደ እምቢታ አይቆጠርም።

ውሳኔው ወዲያው ተፈጻሚ ሆኗል። እትዬ «ብዪ» አሉ፤ «ጠግቤያለሁ» አለች። ዶክተሩ «ኧረ ብዪ» አሉ፤ «እውነቴን ነው» አለች። ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «በሞቴ!» አሉ። በላች። ሁለት ጊዜም አስጨመረች።

ስብሰባው 8፡25 ላይ ተበተነ። ፀሐፊው እየጻፈ ስለነበር ሲጋበዝ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ብሎ ነበር፤ ጉባኤውም በሩዙ ተጠምዶ ውሳኔውን ረሳው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም የለመነችው አዲሷ ልጅ ናት። የመጨረሻዎቹ መስመሮች በግራ እጅ የተጻፉት በዚህ ምክንያት ነው።