መስመር የሳተችው ሮቦት

በዚህ አገር መስመር ሳይስት የሚሄድ ፍጡር ቢኖር ጉንዳን ብቻ ነው! ሰው ነን የምትሉ አትቆጡ። መናኸሪያ ሄዳችሁ የትኬት ሰልፉን እዩና ከዚያ እንነጋገር...

እኔና መምህርት አስካለ ግን መስመር የሚጠብቅ ፍጡር በገዛ እጃችን እንሠራለን ብለን ተነሣን። እኔ ቴፒ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እሷ ሒሳብ። አስካለ የሸኮ ልጅ ናት፤ ውሸት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን፦ ፕሮግራሙን እሷ ትጽፋለች፣ ወሬውን እኔ አወራለሁ።

ሮቦቷ የሳሙና ሣጥን የምታህል፣ ጎማ ያላት ነገር ናት። ሆዷ ሥር ወለሉን የሚያዩ ሁለት «ዓይኖች» አሏት። ነጭ ሸራ ላይ ጥቁር ናስትሮ ትለጥፉላታላችሁ፤ ጥቁሩን እያየች ትከተላለች። ሲወራ እንዴት ይቀላል! ስንሞክራት ግን ግራ ስትባል ቀኝ ሄደች፤ ቀኝ ስትባል ባለችበት ተሽከረከረች።

«የሰጠናት ባትሪ ነው ወይስ ቦርዴ አጠጥተን አሰከርናት?» አልኩ።

«የመስኮቱ ብርሃን ነው ያሳበዳት» አለች አስካለ። መጋረጃ ሰቀለች፤ ፕሮግራሙን ደጋግማ አርማ አርማ፣ ሮቦቷ አንድ ቀን ናስትሮውን ይዛ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ዞረች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

ደስታችን አልሰነበተም። ዳይሬክተራችን የምንሠራበትን ክፍል የስብሰባ ወንበር ማከማቻ ሊያደርጉት ፈልገዋል። «ከላይ የሚመጡት እንግዳ ሮቦቷን ካልወደዷት ክፍሉን ትለቃላችሁ» አሉን።

እንግዳው መጡ፤ መምህራኑም ተከትለው ክፍሉን ሞሉት። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ የቴፒ ጭቃ ጫማቸውን ሁለት እጥፍ አድርጎታል።

«የማንን መስመር ነው የምትከተለው?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ያኔ «መስመር» ተራ ቃል እንዳይመስላችሁ! ስብሰባው ሁሉ ስለ ፖለቲካ መስመር ነበር። መስመር ሳተ የተባለ ሰው በማግስቱ ወንበሩ ላይ አይገኝም።

«የለጠፍንላትን» አለች አስካለ።

«እንዲህ ነው ዲሲፕሊን!» አሉና ናስትሮውን በቅርብ ሊመረምሩ ሸራው ላይ ወጡ። ከነጫማቸው! አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ጥቁር የጭቃ ጭረት ትተው አቋርጠው ማዶ ቆሙ። ማን ደፍሮ «ጫማዎን» ይበላቸው?

አስካለ ሮቦቷን አስነሣቻት። አቤት ስትሄድ! ኩርባውን ዞረች፤ ከጭቃው ዘንድ ደረሰች፤ አመነታች... ናስትሮውን ትታ ጭቃውን ያዘች!

«መስመር ሳተች!» አሉ ዳይሬክተሩ።

ሮቦቷ ጭቃውን ተከትላ እንግዳው ዘንድ ደረሰችና ጫማቸውን በግንባሯ ገጨች። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ደግማ ገጨች። በዓይነ ኅሊናዬ ወንበሮቹ እየተደረደሩ ሲገቡ ታዩኝ።

«ክቡር እንግዳ፣» አልኩ ፈጠን ብዬ፣ «አመራሩን ለይታ እንድትከተል አድርገን ነው የሠራናት።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይሄኔ ነው! ጭብጨባው ግን ቀለጠ። ዳይሬክተሩማ ከሁሉ በላይ!

«አይደለም» አለች አስካለ። «የተከተለችው ጭቃውን ነው።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል፤ እኛ ግን የምናድርበት ክፍል ሊወሰድ ነው! እንግዳው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አዩ፤ ቀና ብለው አስካለን አዩ።

«ጭቃው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው እኔን ነው የተከተለችው!»

አሁንማ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው! ክፍሉ የእኛ ሆነ። እንግዳው ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርቱ፣ በዚሁ መስመር ቀጥሉ» አሉኝ።

በሳምንቱ ክፍል ስገባ አስካለ ሸራው ላይ ጭቃ ቀብታ ሮቦቷን እየሞከረች ነው። ፕሮግራሙን አስተካክላዋለች። ሮቦቷ ጭቃውን ዘወር ብላም ሳታይ ናስትሮዋን ይዛ አለፈች።

«አየህ? ከእንግዲህ ጭቃና መስመር አይምታታባትም» አለች ኮራ ብላ።

እኔ ግን ደነገጥኩ። በሩን ዘጋሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋት፦

«አስኩዬ፣ የድሮውን ፕሮግራም... አላጠፋሽውም አይደል?»