ጣራዬ ላይ የወጣው ጎረቤት

ልምከራችሁ። ቤታችሁ እሳት ቢነሣበት መጀመሪያ ሰውን አውጡ፤ ከዚያ ደጁ ላይ ቁሙና የወጣው ተመልሶ እንዳይገባ ጠብቁ። እኛ ጎጃሞች እሳት ከጎዳን አብዛኛውን ጊዜ ወጥተን ካበቃን በኋላ፣ ጋቢ ረሳሁ ብለን ስንመለስ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እሳት ደግሞ እያስታወሰ ነው፤ ስንት ዓመት ያልነካችሁትን ዋንጫ ሳይቀር ያስታውሳችኋል።

ይህን የምላችሁ ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። በጣሊያን ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ጎጆ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ባሌ አርበኛ ሆኖ ጫካ ሲገባ ሁለት ዝናር ጥይት ከጣራው ሣር ሥር ሸጉጦ፣ ከነፍስሽ እኩል ጠብቂው ብሎኝ ሄደ። ጥይት የተገኘበት ቤት ባለቤት ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ከምድጃ በላይ ጥይት መሸሸግ ሞኝነት መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም። የፈራነው ፈታሽ እንጂ ፍም አልነበረም።

አንድ የመጋቢት ረፋድ ፍሙን በወጉ ሳልዳፍን ምንጭ ወረድሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። ስመለስ ጣራዬ ባንድ ወገን ይነዳል። ኡኡ አልሁ። በአገራችን ኡኡታ ሲሰማ የተጣላም የታረቀም ይመጣል። ሣሩን ገፎ እሳቱን ለመቁረጥ ከሁሉ ቀድሞ ጣራው ላይ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ አድማሱ! ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብለው፣ የማን ባል ከቤት እንደጠፋ የሚቆጥረው ባንዳው ጎረቤቴ።

በሁለት እጁ ሣሩን ይቦጭቃል፤ ዝናሮቹ ካሉበት አንድ ክንድ አይርቅም። እሳቱም ወደዚያው እየገሰገሰ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አልሁ። ዝም ብል ጥይቱ ከእሱ ይገላግለኛል፣ ምስጢሬም አብሮ ይቃጠላል። ብናገር የምሞተው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የጋቢው ጫፍ ሲጨስ አየሁ። እሱ አላየውም፤ የሚያየው የእኔን ቤት ነበር። አሁንም ሳስታውሰው በዚያች ትንፋሽ አፍራለሁ።

«አያ አድማሱ፣ ይውረዱ፤ ጥይት አለ» አልሁ።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ዘለለ፤ እግሩ ወለም ብሎት እያነከሰ ሰዉን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ገፍቶ አራቀ። ወዲያው ቤቴ ይተኩስ ጀመር። አንድም ሰው አልቆሰለም። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ለቤቴ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ተኩሱን ሰምቶ ጣሊያኑ ሹም በቅርብ ካለው ምሽጉ ወታደር አስከትሎ መጣ። ፍሙ ገና ስለሚፋጅ የሚጭረው አልተገኘም። በአስተርጓሚው በኩል የተኮሰው ምን እንደሆነ ጠየቀ። አያ አድማሱ እያነከሰ ወደ ፊት ወጣ።

«ቀርከሃ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «የጣራ ቀርከሃ ሲነድ እንዲህ ይጮኻል።»

እውነት ነው፤ ቀርከሃ እሳት ሲነካው እንደ ጠመንጃ ይፈነዳል። ሹሙም አመነና ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንዳነቱን ተወ አልላችሁም። በሳምንቱም እዚያው ምሽግ በር ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ እኔም ለማማትም ለማመስገንም አፌ ተይዞ ኖርሁ። የእኔ ጣራ ከሣሩ ሥር ያለው እንጨት ከዳር እስከ ዳር ጽድ ነበር፤ አንድ ቀርከሃ አልነበረበትም። ይህንም አያ አድማሱ አሳምሮ ያውቃል፤ በሠርጌ ዋዜማ ከባሌ ጋር ሆኖ ማገሩን ያሰረው እሱ ነው።